የሱቁ ብር፣ የቤቱ ብር

ፒያሳ የሚገኘው ጣይቱ ሆቴል በሩን የከፈተ ሰሞን ሰው አልገባበትም ነበር ይባላል። ወጡ ተሠርቷል፣ ጠረጴዛው ተሰናድቷል፤ ግን እህል በብር ገዝቶ መብላት እንዴት ተደርጎ! እንግዳ ይበላል፣ ይጠጣል፣ መርቆ ይሄዳል፤ ማን ያስከፍለዋል? አጤ ምኒልክ መላ ዘየዱ። መኳንንቱን አስከትለው ሆቴሉ ገቡ፣ በሉ፣ አበሉ፣ ሲያበቁም በሁሉም ፊት ሒሳቡን ከፈሉ። ከዚያ ወዲያ ተራው የመኳንንቱ ሆነ፤ ንጉሥ የከፈለበት ቤት ገብቶ አልከፍልም የሚል አልተገኘም። ታሪኩ ከተራኪ ተራኪ ጥቂት ይለያያል። ፍሬ ነገሩ ግን አይለወጥም፤ እህል ሸጦ ማትረፍ ነውር በመሆኑ ነውሩን ለመስበር ንጉሠ ነገሥት አስፈለገ።

ሆቴሉን ያቋቋሙት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ለገንዘብ ጉዳይ ባይተዋር አልነበሩም። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ከባንኩ ጋር የሚፎካከር፣ እርሻና ንግድ የሚያስፋፋ የአገር ውስጥ ኩባንያ እንዲቋቋም ያደረጉት እሳቸው ናቸው። እህል መሸጥ በሚያሳፍርበት ከተማ እህል የሚሸጥ ቤት የከፈቱትም እሳቸው። ነውሩ ግን ከእቴጌዋ የበለጠ ዕድሜ አገኘ።

ዛሬ ሆቴል ገብቶ የሚያፍር የለም። ያ የድሮ ነውር አሁን የሚገኘው ባልትና ቤት፣ እንጀራ መጋገሪያ፣ ልብስ ስፌት፣ ጸጉር ቤት፣ ጀበና ቡና ነው። ባጭሩ ሴቶች እቤታቸው በነጻ ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ ወደ ገበያ ባወጡበት ቦታ ሁሉ አለ።

ሾላ ገበያ አካባቢ ካሉት ባልትና ቤቶች አንዷ ውስጥ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተቀምጫለሁ። የኮረሪማና የጥቁር አዝሙድ ሽታ አፍንጫ ይይዛል። አንዲት ደንበኛ ሁለት ኪሎ በርበሬ አስመዝና ቦርሳዋን እየከፈተች፣ “እትዬ፣ ያው በቀድሞው ዋጋ ነው አይደል?” አለች። ባለሱቋ ሳያመነቱ፣ “አዎ የኔ እናት፣ ላንቺማ!” አሉና ከጆንያው በማንኪያ ዝቀው ምርቃት ጨመሩላት። ደንበኛዋ እንደወጣች፣ ጥግ ላይ ደብተር ይዛ የተቀመጠችው ልጃቸው ቀና ሳትል፣ “እማዬ፣ የቀድሞው ዋጋ እኮ ካምናው ፋሲካ በፊት የነበረው ነው” አለች።

ባለሱቋ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ፣ እኔም እንደ ደንበኞቻቸው እትዬ እላቸዋለሁ። ከአሥር ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ቆይተዋል። በርበሬያቸው በሰፈሩ የተመሰከረለት ነው፤ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ለሚላክ ስንቅ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ልጃቸው አካውንቲንግ ተምራ በአንድ የግል ድርጅት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ለማገዝ ትመጣለች። ማገዟ ቀስ በቀስ ኦዲት ሆነ።

ለስሌት እንዲመች ቁጥሮቹን አጠጋግቼ ላቅርብ። 20 ኪሎ ዛላ በርበሬ ኪሎው በ450 ብር ተገዛ፤ 9,000 ብር። ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ አዝሙዱና ጨው ተደምሮ 2,400። ወፍጮ 400። እትዬ ለዓመታት በቃላቸው የያዙት ሒሳብ እዚህ ላይ ያልቃል። 11,800 ብር ለ20 ኪሎ ሲካፈል 590 ይመጣል፤ ኪሎውን በ750 ሲሸጡ 160 ብር አተረፉ። በልባቸው እንዲያውም “በዛ” ይሉ ነበር። ምርቃቱን የሚያበዙትም ለዚህ ነው፤ የበዛ የመሰላቸውን ለመመለስ።

ልጅቷ በሌላ ገጽ ላይ የቀረውን ጻፈች። በርበሬውን የቀነጠሱት ሴቶች የቀን ሒሳብ 900፤ ማስጫኛና ማውረጃ 500፤ ላስቲክና ማሸጊያ 300። ድምሩ 13,500 ደረሰ። ቀጥሎ ወደ ሚዛኑ ዞረች። 20 ኪሎው ጭራው ተቀንጥሶ፣ ፀሐይ መቶት፣ ወፍጮውም የድርሻውን በልቶለት፣ ቅመሙ ሁሉ ገብቶበት እንኳ ላስቲክ ውስጥ የገባው 19 ኪሎ ነው። 19 ኪሎ በ750 ሲሸጥ 14,250 ብር ይሆናል። ስለዚህ የተረፈው 3,200 ሳይሆን 750 ብር ብቻ ነው፤ ያውም የስድስት ቀን ሥራ ውጤት። የሱቁ ኪራይ በወር 8,000 ብር ነው፤ የስድስት ቀኑ 1,600። ግማሹን ሽሮውና ሌላው ይሸከም ብንል እንኳ በርበሬው ላይ 800 ብር ይወድቅበታል። እትዬ በየዙሩ 50 ብር ከጓዳቸው እየጨመሩ ለሰፈሩ በርበሬ ያድሉ ነበር ማለት ነው። የራሳቸው ጉልበትና ያ ምርቃት ገና አልተቆጠረም።

“ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ኖርን?” አሉ እትዬ፤ እንደ መቆጣትም፣ እንደ መሳቅም አሉ።

“በአባዬ ጡረታ” አለች ልጅቷ።

እዚህ ላይ “ሴትየዋ ሒሳብ አታውቅም” ብሎ የሚያልፍ ሰው ይሳሳታል። እትዬ ማን ከሦስት ወር በፊት ግማሽ ኪሎ ሽሮ በዱቤ እንደወሰደች፣ ማን ግማሹን ከፍላ ግማሹን እንዳስቀረች፣ ደብተር ሳያዩ ይዘረዝራሉ። ጭንቅላታቸው ካልኩሌተር ነው። ችግሩ ድርብርብ ነው። ጉልበታቸው ወጪ ሆኖ አያውቅም፤ እቤት በርበሬ ሲቀነጥሱ ማን ከፍሏቸው ያውቃል? ዋጋ መጨመር ደግሞ ደንበኛን መጋፋት፣ ጎረቤትን ማስቀየም ይመስላቸዋል። ከምትቀርበው ሰው ብር መቀበል በራሱ ይከብዳል፤ ወጪውን አስልቶ፣ ትርፍ ጨምሮ መቀበልማ ጭራሽ። ይሉኝታ ሒሳቡን ከመጀመሪያው ረድፍ ላይ ያቋርጠዋል።

የሚገርመው ይህ ይሉኝታ ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ነው። ዛላውን ከጅምላ ሻጩ ሲገዙ እትዬ የሚያዝን አንጀት አልገጠማቸውም። ባለ ወፍጮው ተመኑን ሲጨምር “ነጋዴ ሆንክ” ብሎ የወቀሰው የለም። የወንድ ሥራ ሥራ ነው፤ ዋጋ አለው። የሴት ሥራ ሙያ ይባላል፤ ሙያ ደግሞ የሚመሰገን እንጂ የሚከፈልበት ነገር ተደርጎ አይታይም። ዋጋ በናረ ቁጥር በዜና የሚደጋገመው “ስግብግብ ነጋዴ” የሚባለው ውግዘት አስመጪውን ብዙ አያስደነግጠውም። ኪሎ ሽሮ የምትሸጠዋን ግን ቤቷ ድረስ ገብቶ ያሳፍራታል።

ለዚህ ችግር ከተማው ያዘጋጀው መድኃኒት በአብዛኛው ንግግር ነው። በየሆቴሉ አዳራሽ “አስተሳሰብሽን ቀይሪ፣ ገንዘብን ውደጂው፣ ገንዘብም ይወድሻል” የሚሉ ሥልጠናዎች ሞልተዋል። እኔ ብዙም አልተዋጡልኝም። እትዬ ገንዘብ አይጠሉም፤ “ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ” የሚለውን ከማንም በላይ ያውቁታል። የሚያስቸግራቸው ብሩ እጃቸው ከገባ በኋላ የማን እንደሆነ ነው።

ሥልጠና ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎችን ይዞ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሁለት ዓይነት ሥልጠናዎችን አወዳድሮ ነበር። አንዱ የተለመደው የሒሳብ አያያዝና የገበያ ትምህርት ነው። ሌላው ሰዎች ቀድመው እንዲነሱ፣ ከጎረቤታቸው የተለየ ነገር እንዲሞክሩ፣ እንቅፋት ሳይመጣ እንዲዘጋጁ የሚያለማምድ፣ ከሥነ ልቦና የተቀዳ ሥልጠና ነው። በሁለተኛው ያለፉት ሴቶች ትርፋቸው በ40 በመቶ ግድም ሲያድግ፣ በመጀመሪያው ያለፉት 5 በመቶ ገደማ ነው ያደጉት። ደብተር ብቻውን አያደርስም ማለት ነው። ግን ያ ሥልጠና መፈክር አልነበረም፤ ልምምድ ነበር፣ የቤት ሥራ የሚሰጥበት፣ አሠልጣኙም ሱቅ ድረስ እየሄደ የሚከታተልበት።

ወደ ብሩ ባለቤትነት ልመለስ።

የቀድሞዋ ነጋዴ ባንኳ መቀነቷ ነበር። ከገበያ የሰበሰበችውን ቋጥራ ትታጠቀዋለች፤ ከዚያው ቋጠሮ ለነገው ሸቀጥ ይወጣል፣ ለጨውና ለጋዝ ይወጣል፣ ለእድር፣ ለልጅ ደብተር፣ ለለቅሶ ይወጣል። አሁን ቋጠሮው የሱቅ መሳቢያ ወይም ቴሌብር ሆነ እንጂ ልማዱ ያው ነው። ባል ደመወዙን የሚያመጣው በወር አንዴ ነው፤ የገበሬ ሀብት በበረትና በጎተራ ነው። የሴቲቱ ብር ግን በየቀኑ፣ በየሰዓቱ፣ በዓይን የሚታይ ጥሬ ብር ነው። በየቀኑ የሚታይ ብር በየቀኑ ይጠየቃል። ልጅ “ለታክሲ” ይላል፣ ባል “እስከ ነገ” ይላል፣ ጎረቤት “ዘይት ሳልገዛ” ትላለች። አንዳቸውም ክፉ አይደሉም። ማታ ላይ ግን የነገው ዛላ መግዣ የለም።

ይህንን ነገር ኢኮኖሚስቶችም ዘግይተው ደርሰውበታል። በስሪላንካና በጋና ለአነስተኛ ነጋዴዎች ገንዘብ በነጻ የሰጡ ጥናቶች፣ የወንዶቹ ትርፍ ሲያድግ የሴቶቹ ባለበት ሲቆም አይተው ግራ ተጋብተው ነበር። “ሴቶች መነገድ አይሆንላቸውም ማለት ነው?” ያለ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2019 አራት ተመራማሪዎች የእነዚህን አገሮችና የሕንድን መረጃ እንደገና ገልብጠው ሲያዩ ነገሩ ሌላ ሆነ። ለሴቲቱ የተሰጠው ብር የት ገባ? ባሏ ንግድ ካለው የባሏ ንግድ ውስጥ። በቤቱ ውስጥ ነጋዴዋ እሷ ብቻ ከሆነች ግን ብሩ እንደ ወንዱ ያህል ያፈራ ነበር። ጋና ላይም ለሴቶቹ በጥሬ ብር ፈንታ ዕቃ የተሰጣቸው ጊዜ፣ መጀመሪያውኑ ሻል ያለ ንግድ የነበራቸው አተረፉ፤ ጥሬ ብሩ ግን ለውጥ አላመጣም። የልብስ ስፌት መኪና “እስከ ነገ አበድሪኝ” አይባልም።

ኬንያ ውስጥ ቡማላ በምትባል የገበያ ከተማ የተደረገው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይጥመኛል። ተመራማሪዎቹ ፓስካሊን ዱፓና ጆናታን ሮቢንሰን ለገበያ ሴቶች የባንክ ሒሳብ ከፈቱላቸው፤ ሌላ ምንም አልሰጡም። ሒሳቡ ወለድ የለውም፣ እንዲያውም ብር ለማውጣት ያስከፍላል። በየትኛውም ሒሳብ ሲታይ አክሳሪ ነው። ሆኖም ሴቶቹ ተጠቀሙበት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ንግዳቸው ላይ የሚያውሉት ገንዘብ ከሲሶ በላይ አደገ። ብስክሌት ታክሲ ለሚነዱት ወንዶች የተከፈተው ተመሳሳይ ሒሳብ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ሴቶቹ ለወለድ አልነበረም የመጡት፤ ግድግዳ ፈልገው ነው።

የኢትዮጵያ ሴት ነጋዴ ይህን ግድግዳ ፕሮፌሰር ሳይነግራት አውቃዋለች፤ እቁብ ትለዋለች። እቁብ በቁጥር ካየነው ከኬንያው የባንክ ሒሳብ አይሻልም፤ ወለድ የለውም፣ ዕጣው መጨረሻ ላይ የወጣላት ሰው ብሯ በዋጋ ንረት ተሸርሽሮ ይደርሳታል። ግን እቁብ የከበረ ምክንያት ይሰጣል። “ብር የለኝም” ያለች እህት ታሳዝናለች ወይም ትታማለች፤ “የእቁብ ነው” ያለችን ግን ማንም አይጫናትም። ዳኛው አለ፣ ጸሐፊው አለ፣ ዋስ አለ፤ ካልጣለች ስሟ ይጠፋል። ባል እንኳ በእቁብ ብር ላይ አይመጣም። እትዬ በሳምንት የሚጣል እቁብ አላቸው፤ ሲወጣላቸው ለማንም ሳይናገሩ በቀጥታ ወደ ጅምላ ሻጩ ይሄዳሉ። “እቤት ካደረ በቃ፣ እግር ያወጣል” ይላሉ።

አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ጸጉር ቤት ያላት ሌላዋ ሴት ግድግዳውን የሠራችው በምሬት ነው። ብዙ ዓመት ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታለች። የላከችው ብር ቤት ሠርቷል፤ ቤቱ ግን የተሠራው በወንድሟ ስም ነው። ከዐረብ አገር ከተመለሱ ሴቶች አፍ ይህን ታሪክ ያልሰማ ጋዜጠኛ ያለ አይመስለኝም። “እዚያ እያለሁ ስልክ በተደወለ ቁጥር ብር ነው” አለችኝ፤ የደንበኛ ጸጉር እየሠራች ነበር የምታወራኝ። “የታመመ፣ የተወለደ፣ የሞተ፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው። ደህና ነሽ ወይ ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም። አሁን ሁለት ሲም አለኝ። አንደኛውን ዘመድ ያውቀዋል። ሁለተኛው የሱቁ ነው፤ ደንበኛ የሚከፍለው በሱ ነው፣ ቁጥሩን እናቴም አታውቀው።”

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙዎቻችን ያየነው የካርድ መሙያና የታክሲ መክፈያ አድርገን ነው። ለእሷ ግን መቀነት ሆነላት፤ ያውም ሌላ ሰው የማይፈታው። የቀኑን ገቢ ማታ ማታ ሳንዱቅ በሚባለው የቁጠባ ክፍል ትከታለች። የዘመድ ሲም ላይ የምታስቀምጠው በወር ለራሷ ከምትከፍለው ነው፤ እሱ ካለቀ አለቀ። ጨካኝ ነሽ የሚሏት አሉ። እሷ ግን የሁለት ሠራተኞቿን ደመወዝ በወሩ መጨረሻ አዘግይታ አታውቅም፤ ጨካኝ የሚሏት ዘመዶቿ ይህን አያነሱላትም።

ሕጉም ቢሆን እዚህ ለመድረስ ጊዜ ፈጅቶበታል። “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል” ከተረትነት አልፎ ለረጅም ጊዜ የንብረት አስተዳደር መመሪያ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ ከሚስት የራሷ ገቢ በስተቀር የጋራ ንብረትን የማስተዳደር ሥልጣን ለእሱ ሰጥቶት ነበር። ይህን የቀየረው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ ባልና ሚስት በጋራ ንብረታቸው ላይ እኩል ሥልጣን አገኙ። ሕጉ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው በአንዳንድ ክልሎችና በአዲስ አበባና ድሬዳዋ ብቻ ስለነበር፣ ተመራማሪዎች ቀድመው የተቀበሉትን ካልተቀበሉት ጋር ለማወዳደር ዕድል አገኙ። ሕጉ በደረሰባቸው አካባቢዎች ከቤት ውጭ የሚሠሩ ሴቶች ቁጥር ካልደረሰባቸው በበለጠ አደገ። አዋጅ ወረቀት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ማየት ይገባቸዋል።

ይኸው ሕግ አንቀጽ 68 ላይ ታዲያ አንድ የሚያስገርም ነገር አለው። ከባልና ሚስት አንዳቸው ያለ ሌላቸው ስምምነት ከ500 ብር በላይ መበደርም ማበደርም አይችልም። በ1992 ዓ.ም. 500 ብር የሚያስከብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ እትዬ ዘንድ አንድ ኪሎ በርበሬ አይገዛም። አንቀጹ ለሁለቱም እኩል ይሠራል፤ ቤት የሚመዘገበው ባብዛኛው በማን ስም እንደሆነ ለሚያውቅ ግን የማን ፊርማ በር ላይ እንደሚቆም ግልጽ ነው። ባንክ ለብድር ዋስትና ቤትና ካርታ ይጠይቃል፤ ሴቲቱ ያላት ወፍጮ፣ ምጣድ፣ የልብስ ስፌት መኪና ነው። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውንና ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ቦርዱን የመሩትን እናት ባንክን አሥራ አንድ ሴቶች ሆነው የመሠረቱት፣ ባንኮች ለሴቶች የማይከፍቱትን በር ለመክፈት ነው። በዚያው ዘመን ግድም በዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ፕሮጀክት በልማት ባንክ በኩል ለማይክሮ ፋይናንሶች ብር አቀረበ፤ ለማይክሮ ፋይናንስ የበዛ፣ ለባንክ ያነሰ ብድር የሚፈልጉትን ሴቶች አስቦ ነበር። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትናን የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ማሽንና ሸቀጥም በሕግ ዋስትና መሆን ይችላል። እትዬ ወፍጮ ገዝተው ያንኑ ወፍጮ ማስያዝ እንደሚቻል የሰሙት ከልጃቸው ነው፤ ወፍጮውን ግን ገና አልገዙም።

ይልቅ ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ሲደረግ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አለፈ። በርበሬ ከውጭ አይመጣም። ላስቲኩ፣ ናፍጣው፣ የወፍጮው መለዋወጫ ግን ይመጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ በገዛሁበት ዋጋ ላይ ጥቂት ጨምሬ ልሽጥ የምትል ነጋዴ በየዙሩ የምትገዛው ኪሎ ያንሳል፤ ብሩ እየበዛ ጆንያው እየቀለለ ይሄዳል። ልጅቷ ለእናቷ የሰጠቻቸው ሕግ አጭር ነው፤ “ዋጋ የምንተምነው ባለፈው በገዛንበት አይደለም፣ ለሚቀጥለው በምንገዛበት ነው።” እትዬ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ያሉት “ይህማ ዝርፊያ ነው” ነበር። ሁለት ገበያ ቆይተው፣ በያዙት ብር 20 ኪሎ አልሞላ ሲላቸው ዝም አሉ።

አዲሱ ዋጋ የወጣው እዚያው ጥግ ላይ፣ በዚያው ደብተር ነው። 13,500 ወጪው፣ 800 ኪራዩ። ከዚያ ልጅቷ “የእማዬ ጉልበት” ብላ አዲስ ረድፍ ጻፈች፤ በቀን 300፣ ለስድስት ቀን 1,800። እትዬ እዚህ ላይ ተከራከሩ። በርበሬ የሚቀነጥሱት ሴቶች ቢከፈላቸው ያባት ነው፤ ለራስ መክፈል ግን ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ መጨመር አይደለም ወይ? “ነገ ብታመሚ ያንቺን ሥራ የሚሠራ ሰው በነጻ ይሠራል?” አለች ልጅቷ። ረድፉ ጸደቀ። ድምሩ 16,100፣ ለ19 ኪሎ ሲካፈል 847 ግድም። ኪሎው 900 ተባለ። በየዙሩ የሚተርፈው 1,000 ብር ነው፤ በርበሬ የሻገተ ጊዜ፣ ሚዛን የተሰበረ ጊዜ፣ ዛላ በድንገት የጨመረ ጊዜ ሱቁ የሚቆመው በሱ ነው። ትርፍ ይህቺ ናት፤ እንደሚወራባት ወፍራም አይደለችም።

ምርቃቱስ? እትዬ በሱ ላይ አልተደራደሩም። ምርቃት የሌለው በርበሬ መሸጥ እጄ አይሄድልኝም አሉ። ልጅቷ አሰላችና በየዙሩ ግማሽ ኪሎ ለምርቃት መደበች፤ 450 ብር ከ1,000ው ላይ ተነሳ፣ 550 ቀረ። እኔ ብሆን ቀንሱት እል ነበር። እናትና ልጅ ግን ተስማምተዋል፤ ድሮ ሳይታወቅ ይፈስ የነበረው አሁን ተለክቶ በአንዲት የቡና ጣሳ ተቀምጧል። ጣሳዋ ባዶ ስትሆን የዚያ ዙር ቸርነት አለቀ።

ደንበኛ ቀርቷል፤ ሁለት ሦስት ሰው ወደ ሌላ ቤት ሄዷል። አንዲት የቆዩ ደንበኛቸው አዲሱን ዋጋ ሲሰሙ፣ “እትዬ፣ አንቺም ነጋዴ ሆንሽ?” ብለዋቸዋል። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ ይስቃሉ። ግብር የሚከፍል፣ ፈቃድ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው ነጋዴ መሆኑ እስከዚያ ቀን ለደንበኛዋም ለእሳቸውም አልተነገረም። ሴትየዋ ግን አልቀሩም፤ በወሩ መጥተው ግማሽ ኪሎ ወስደዋል፣ ያውም ምርቃቱን አስረግጠው ጠይቀው።

ከዋጋው ይልቅ ያስቸገረው ደመወዙ ነው። እትዬ አሁን በየወሩ መጨረሻ ለራሳቸው ይከፍላሉ፤ ከዚያ ውጭ ከመሳቢያው ለቤት አይወጣም። ቤተሰቡ ለመልመድ ጊዜ ወስዶበታል፤ ባለቤታቸው አንድ ቀን ለጋዜጣና ለማኪያቶ ከመሳቢያው መቶ ብር አንስተው “ተበድሬ ነው” የሚል ብጣሽ ወረቀት ትተው ተገኝተዋል፤ ያሾፉም ይሁን የምር አልታወቀም። ታናሽ ወንድማቸው ግን አላሾፈም። ሚኒባሱ ሞተር ተበላሽቶበት 40,000 ብር አበድሪኝ ብሎ ሱቁ ድረስ መጣ። እንዲህ ያለ ጊዜ ድሮ የእቁቡ ብር ነበር የሚወጣው። እትዬ፣ “ከደመወዜ ሁለት ሺህ ልስጥህ፤ ከዚያ በላይ ያለው የኔ አይደለም፣ የሱቁ ነው” አሉት።

“ሱቁስ ያንቺ አይደለም እንዴ?” አላቸው።

“የኔ ነው፤ ብሩ ግን የሱቁ ነው።”

ተቆጥቶ ሄደ። ከመስቀል ወዲህ እግሩ ደርሶ አያውቅም፤ ሌሎቹ ወንድምና እህቶችም “ለሥጋዋ የማታዝን” ብለው አምተዋቸዋል፤ ይህ እትዬን እስከ ዛሬ ያብከነክናቸዋል። ሁለት ሺውን በማግስቱ በቴሌብር ላኩለት። መድረሱን አልነገራቸውም። አልመለሰውምም።